አራቱ አዋሳኞች

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን የዋልኩት አዲስ አበባ ዳር፣ ካራ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አንድ የግል የቅየሳ ቢሮ በሜትር ያዥነት ቀጠረኝ። እንደደረስን የመለኪያውን መሣሪያ፣ ቴዎዶላይቱን፣ ልተክል ስል አለቃዬ ጋሽ ታደሰ እጄን ያዙኝ።

«መጀመሪያ አዋሳኞቹን ጥራ» አሉኝ።

በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ያሉት ጎረቤቶች መጥተው ካልቆሙ ጋሽ ታደሰ መሬት አይለኩም ነበር። የዚያን ቀን የምንለካው የእማማ ጫልቱን የባሕር ዛፍ ቦታ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ዛፍ ነበር። አራቱ ጎረቤቶች በአማርኛም በኦሮምኛም ሲከራከሩ፣ ሲስቁ፣ አንዱ ሲያኮርፍ ግማሽ ቀን ሄደ። እኔ በሆዴ «ምን ዓይነት ጊዜ መግደል ነው» እል ነበር። በመጨረሻ አራቱም የመስክ ደብተሩ ላይ አውራ ጣታቸውን አተሙ።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ ታደሰ ጡረታ ወጡ፤ እኔም ዋና ቀያሽ ሆንኩ። ከዚያ የአየር ፎቶና ኮምፒዩተር መጣ። ቀበና ካለው ቢሮአችን ሳልነሳ የእንጦጦን ተዳፋት በማውዝ እለካው ጀመር። ውሻ አያሳድደኝ፣ ጭቃ አይዘኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ለመሬት አስተዳደር በምንሞላው በየይዞታው ቅጽ ግርጌ «በመስክ ተረጋግጧል» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። እሱ ላይ ምልክት ካልተደረገ ኮምፒዩተሩ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም። መጀመሪያ ሰሞን እየሄድኩ አይ ነበር። ሥራው ሲከመር ግን አዲሱ አለቃችን ኢንጂነር ሳምሶን፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው፣ «ጋሽ ውብሸት፣ ፎቶው እኮ ከእርስዎ ዓይን በላይ ክሊር ነው፤ ምን ያለፋዎታል?» አለኝ። መሄዱን ተውኩት።

አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ካራ ያለ አንድ ባዶ ቦታ መጣልኝ። ዛፍ የለ፣ አጥር የለ። «ክፍት ቦታ» ብዬ ሞላሁ፤ ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረግኩና አለፍኩ። የማን እንደሆነ ትዝ አላለኝም። እዚያው ቆሜ ቢሆን ኖሮ ወዲያው አውቀው ነበር።

ከወራት በኋላ እማማ ጫልቱ ቢሮ መጡ። መሬት አስተዳደር ቦታው ክፍት ነው ብሎ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ለካ ፎቶው የተነሳው ዛፋቸውን ለሽያጭ ባስቆረጡበት ሰሞን ኖሯል። ጉቶ ከላይ አይታይም።

ብቻቸውን አልመጡም፤ አራት ሰዎች አስከትለዋል። ሦስቱን አወቅኳቸው። አራተኛው የሟች ጎረቤታቸው ልጅ ነበር።

«አዋሳኞቼን ይዤ መጥቻለሁ። በል ልጄ፣ ለካው» አሉኝ።

የድሮውን ደብተር ከዕቃ ቤት ፈልጌ አወጣሁና ለኢንጂነር ሳምሶን አሳየሁት። አገላብጦ አየው።

«የጣት አሻራ የሚገባበት ቦታ ሲስተሙ ላይ የለም» አለ። «ደግሞም በመስክ ተረጋግጧል ይላል። ያረጋገጡት እርስዎ ነዎት።»

ተመልሼ ወጣሁ። እማማ ጫልቱ ከወንበራቸው ተነስተው ጠበቁኝ።

«ባዶ ነው ያለው ማነው?» አሉ።

«ኮምፒዩተሩ ነው» አልኳቸው።

አመኑኝ። አልተቆጡም፤ ሰዎቻቸውን ይዘው ሄዱ። በየቢሮው አቤት ቢሉም መልሱ ያው እኔ ያደረግኩት ምልክት ነበር። ቦታው አልተመለሰላቸውም፤ እኔም እውነቱን ሳልነግራቸው አረፉ። እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ ማፈሬም ለማንም አይጠቅምም።

እኔ ፎቶውን አመንኩ፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ የእኔን ምልክት አመነ። ከሁለታችን መሬቱን ያየ አልነበረም። ወጣት ቀያሾች ማሽን ሥራችንን ይቀማናል ብለው ሲሰጉ እሰማለሁ። እኔ ግን ማንም ሳይቀማኝ ነው ያስረከብኩት።

ለሙያ ልጆቼ የምለው ይህን ብቻ ነው። መስክ ሳትሄዱ ያ ሳጥን ላይ ምልክት አታድርጉ።