ከሮቦቱ በኋላ ውረጂ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጆሀንስበርግ አጠገብ ሚድራንድ ካለው ቤቴ የወጣሁት ለብስኩት ነው። ለብስኩት ብዬ ከሥራ ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ ስቃብኛለች። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋ የሚኖረው አባቴ ምግብ እየተወ ነው። ቀበቶው ላይ ሦስተኛ ቀዳዳ በሚስማር በስቼለታለሁ። "ምን ላድርግልህ?" ስለው መልሱ አንድ ነው፤ "የእናትሽን ብስኩት።"

እማዬ ከአራት ዓመት በፊት እኔን ልትጠይቅ ጆሀንስበርግ መጥታ ሦስት ወር ተቀምጣ ነበር። ሐዋሳ ስትመለስ የዴንማርክ የቅቤ ብስኩት መጋገር ጀመረች፤ ያንን በሰማያዊ ቆርቆሮ የሚሸጠውን፣ ሲያልቅ ክርና መርፌ የምናስቀምጥበትን ማለቴ ነው። ከየት እንደተማረችው አልነገረችንም። ከሞተች በኋላ ካገኘሁት የአሠራር ደብተሯ እያየሁ ሦስት ጊዜ ጋገርኩ። ሦስቴም አባዬ አንዷን ነክሶ በትህትና መልሶ አስቀመጣት። ደብተሩ "ቅቤ" ይላል፣ ቅቤ አድርጌያለሁ። "በሥጋ መፍጫ ይለፍ" የሚለውን ግን የእሷ ስህተት ነው ብዬ ዘለልኩት።

ከአሠራሩ በታች መንገድ ተጽፏል። መነሻው የእኔ ግቢ በር ነው። የሐኪም ጽሕፈት እያነበብኩ እንጀራ የምበላ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ማንበቡ አልቸገረኝም። የቸገረኝ ሌላ ነው። ሰው ለራሱ ሲጽፍ "እዚህ እወርዳለሁ" ይላል። እሷ ግን "ውረጂ" ብላለች። "ተሻገሪ።" "አትፍሪ።" እኔ እስከማውቀው ደግሞ እማዬ በዚያ ሦስት ወር ብቻዋን ከግቢው ወጥታ አታውቅም። አንድ እሑድ ገበያ ከመውሰዴ በቀር ቤት አስቀምጫት ነው የሄደችው። ሲቆጨኝ ኖሯል።

ከሚድራንድ እስከ ኑርድ

መኪናዬን ትቼ እንደተጻፈው አደረግኩ። ደብተሩ ላይ አመልካች ጣቱ ወደ ላይ የተቀሰረ እጅ ተሥሏል፤ ከሥሩ "ወደ ከተማ ለመሄድ እንዲህ አድርጊ" ይላል። እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ታክሲ በጣት አስቁሜ አላውቅም። እያፈርኩ ጣቴን ሳነሳ ነጭ ሚኒባስ ወዲያው ቆመ። ሠላሳ ራንዴን በሰው እጅ ወደ ፊት አሳለፍኩ።

"አጠገብሽ ያሉት 'ሳውቦና' ብለው ሰላም ካሉሽ 'ዬቦ' በይ" ይላል ቀጣዩ መስመር። አንብቤ ሳልጨርስ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ሳውቦና፣ ሲሲ" አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። ዬቦ አልኩ። ሥዕሉን አይተው ሳቁ።

"ይህን ጣት ማን ነው የሣለው?"

"እናቴ። መንገዱን የጻፈችልኝ እሷ ናት።"

"እሷስ የት አለች?"

"ሞታለች።"

ሳቃቸውን ተዉት። "ታዲያ አሁን ማን ነው የሚመራሽ?" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። 

ከኑርድ እስከ ኬንሲንግተን

መሃል ከተማ ያለው የኑርድ የታክሲ ተራ ግፊያው እንደሚወራለት ነው፤ የጭስ ሽታ፣ መንገድ ላይ የሚጎነጎን ጸጉር፣ የረዳቶች ጩኸት። "ስልክሽን ደብቂ። የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጠው ጋ ወደ ቀኝ" ይላል። በቆሎ ሻጯ ከአራት ዓመት በኋላም እዚያው ተቀምጣለች። በአሥራ አምስት ራንድ አንድ ገዛሁ፤ ሌላው ቢቀር እጄን ያሞቅልኛል ብዬ።

ሁለተኛው ታክሲ አሥራ ስምንት ራንድ ነው። እዚህ የትራፊክ መብራትን ሮቦት ይሉታል። "'አፍተር ሮቦት' ብለሽ ጩኺ፣ ከሮቦቱ በኋላ ውረጂ።" ጮህኩ። የወጣው ድምፅ የእማዬ ነበር።

መንገዱ ጭር ብሏል። ከየግንቡ በላይ የኤሌክትሪክ አጥር ቲክ ቲክ ይላል። ውሾቹ አይተውኝ አልጮሁም። ደብተሩ ላይ የተጻፈው አረንጓዴ በር ጋ ደርሼ ደወሉን ሳልነካ በሩ ተከፈተ።

የወይዘሮ ኢንገ ወጥ ቤት

"ዘገየሽ" አሉኝ፣ እጃቸው ዱቄት የሆነ ረጅም አሮጊት። ስማቸው ኢንገ ነው፤ ከዴንማርክ የመጡት ገና ሙሽራ ሳሉ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስኒ ተደርድሯል።

"ሦስተኛው የማን ነው?"

"የእናትሽ። ዛሬ ማክሰኞ አይደል?"

እማዬ ለካ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ትመጣ ነበር። በዚያ እሑድ ገበያ ላይ ብስኩት የሸጡልን እሳቸው ነበሩ። "አንቺ ስልክ ስታወሪ እሷ አድራሻዬን አጻፈችኝ" አሉኝ። በምን ቋንቋ ተግባባችሁ አልኳቸው። "እሷ በራሷ፣ እኔም በራሴ። እንግሊዝኛ ሁለታችንንም ሰልችቶን ነበር።"

እንደምንም ነገርኳቸው። "እናቴ ከሞተች ዓመት አለፋት።"

የሥጋ መፍጫውን ማዞር አቆሙ። አዎ፣ የሥጋ መፍጫ፤ እማዬ አልተሳሳተችም። ሊጡ በኮከብ ቅርጽ ቀዳዳው በኩል እንደ ገመድ ይወጣል፣ በጣት ልክ ተቆርጦ እንደ ቀለበት ይገጠማል።

"ባለፈው ማክሰኞ እዚያ ወንበር ላይ ነበረች" አሉ ቀስ ብለው።

ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ ቀን ተምታቶባቸው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ወንበሩን ስነካው ግን ሞቅ ብሏል። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ አይደለም።

ከማቀዝቀዣው አንድ ብልቃጥ አወጡ። የተለጠፈበት ወረቀት "ለሚጡ" ይላል። ሚጡ የሚለኝ ከእማዬ በቀር ማንም የለም። ስከፍተው ኮረሪማ ሸተተኝ፤ ንጥር ቅቤ!

"የመጀመሪያ ቀን ቅቤ አምጪ ስላት ይህን ይዛ መጣች። ልመልሰው ስል ሽታው ያዘኝ። አያቴም ብስኩቷ ውስጥ የኮረሪማን ዘመድ ሄልን ትጨምር ነበር።"

ስህተቱ የእኔ ነበር። በእማዬ ቤት ቅቤ ማለት ንጥር ቅቤ ነው፤ የሱቁን "የገበታ ቅቤ" ነው የምትለው። እኔ ግን ከሱቅ እየገዛሁ ስኖር ቋንቋዋን ረስቻለሁ። ብስኩቱ መብሰል ሲጀምር እማዬ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ። ዞር አላልኩም።

ወደ ቤት

አሥር ሰዓት ላይ ወይዘሮ ኢንገ የሞሉልኝን ሰማያዊ ቆርቆሮ ይዤ ገባሁ። አባዬ አንዷን ነከሰ። ጨረሳት። ሁለተኛዋን አነሳና "ሻይ የለም እንዴ?" አለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስመለስ አምስተኛው ላይ ነበር። "ከመሞቷ በፊት 'ለሚጡ መንገዱን ጽፌላታለሁ' ስትለኝ ቅዠት መስሎኝ ነበር" አለ።

የጉዞው ትምህርት ይኸው ነው፤ ቤት ዘግቼባት ሄደች ብዬ የተጸጸትኩላት እናቴ ከተማዬን ከእኔ የበለጠ ታውቃት ነበር። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም።

ደብተሩን ልከድን ስል ቅባት ነክቶት እስካሁን ያላየሁት የመጨረሻ መስመር ላይ አምፖሉ አበራበት። "አባትሽ መብላት ሲጀምር ይዘሽው ነይ" ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። "ሂጂ" አይልም፤ "ነይ" ነው የሚለው። አባዬም ከትከሻዬ በላይ አነበበው። ለማክሰኞ የሚለብሰውን ሸሚዝ እንድተኩስለት አመጣልኝ።