የተከሰሰው የገና ግጥም

ይርጋ በቆቦ ከተማ የቀበሌው ንባብ ቤት ኃላፊ ነበር። በሥራው ይኮራል። ዳሩ ግን የቆቦ ቀትር ሙቀት ለማንም አይራራምና፣ ከምሳ በኋላ ወፍራሙን መጽሐፍ ተንተርሶ ሸለብ ያደርገዋል። «ተኝተህ ነበር» ያለው ሰው ጠላቱ ነው። «ዓይኔን ጨፍኜ እያሰብኩ ነው!» ብሎ ይቆጣል። ስለዚህ ሁሉም ያውቃል፣ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም።

አብዮቱ ስድስተኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ፣ በታኅሣሥ፣ ከድሮው ወረዳ ጽሕፈት ቤት የመጣ የወረቀት ጆንያ ሲያራግፍ አንድ የክስ መዝገብ አገኘ። የጃንሆይ ዘመን ገዥ በገና ጨዋታ ላይ በግጥም የሰደቡትን ገበሬዎች ከሷል። ጸሐፊውም፣ እጁ ይባረክና፣ ስድቡን አንድም ሳያስቀር ጽፎታል፦

ሹማችን ሲመጣ በበቅሎ ተጭኖ፣
ሆዱ ከፊት መጣ እሱ ኋላ ሆኖ።

ይርጋ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ፍርዱ ደግሞ ይበልጥ ጣፈጠው፤ ዳኛው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብሎ ገዥውን በባዶ እጁ ሸኝቶታል። ገና እንዲህ ነበራ! ዱላና የእንጨት ኳሷን ሩርን ይዞ ሜዳ የወረደ ሁሉ የዕለቱን ሹም ይሰድባል፣ ሹሙም ዋጥ ያደርጋል። አሁን ግን ጨዋታው «ኋላ ቀር ልማድ» ተብሎ ከተከለከለ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ የሜዳው አንበሳ የነበረውን ይርጋን ይህ ያንገበግበዋል።

መዝገቡን ታቅፎ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ተሾመ ሄደ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጭቁኑ ሕዝብ ፊውዳሉን እንዴት እንዳዋረደው ይመልከቱ።»

ተሾመ ሲያነብ ፊቱ በራ። «ይህማ የትግል ግጥም ነው! ጨዋታው ተፈቅዷል፤ እኔም እገኛለሁ። ግን ጋሼ ይርጋ፣ አብዮቱን የምትነካ አንዲት ቃል ብትወጣ ንባብ ቤቱን ያስረክባሉ፣ እስር ቤቱንም ያዩታል።»

«በአንገቴ!» አለ ይርጋ። ተሾመ ደሴ ያደገ ሰው ነውና የቆቦ ገና ያለፈውን ትቶ በሥልጣን ላይ ያለውን ሹም እንደሚሰድብ አላወቀም። ይርጋ ያውቃል፤ አልነገረውም።

በገና ዕለት ማሽላው የታጨደበት ማሳ ከዋጃና ከሮቢት በመጣ ሰው ሳይቀር ሞላ። ይርጋ ግጥም አውራጁን ሙሀመድሰይድን ወደ ጥግ ሳበው። ሙሀመድሰይድ እስላም ነው፤ ቢሆንም በገና ሜዳ ከእሱ የሚስተካከል አውራጅ የለም፣ ለዓረፋ ደግሞ ይርጋ እሱ ቤት ነው የሚውለው።

«የመዝገቡን ብቻ በል። ልጆቼን እንዳትበትናቸው።»

«አብሽር! ኢንሻ አላህ ከመዝገቡ አልወጣም።»

ባልወጣም ነበር። ግን የእሱ ወገን ሩሯን አገባ፣ ጭፈራው ጋለ፣ አፉ ከሐሳቡ ቀደመ፦

ተሾመ ሊናገር ስንዘራ ተነሣ፣
ሳይጨርስ ታጨደ ማሽላችን ከማሳ።

ተጫዋቹ ሁሉ ዱላውን አውርዶ ወደ ተሾመ ዞረ።  ንባብ ቤቱም ልጆቹም ባንዴ በይርጋ ዓይን ላይ ዞሩ።

ተሾመ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ጋሼ ይርጋ፣ ይህም መዝገቡ ላይ አለ?»

«ፍርዱ አለ፣ ጓድ» አለ ይርጋ በሰለለ ድምፅ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይላል።»

ተሾመ ትንፋሹን የያዘውን ሕዝብ አየ፣ ይርጋን አየ። እሱም ቢሆን ሰው ነው፤ ግጥሙም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እውነት ነበር። ከአንዱ ተጫዋች ዱላ ነጠቀና ወደ ላይ አንሥቶ እሱም ግጥም አወረደ፦

ጋዜጣ ላነብ ብል ንባብ ቤት ብጠጋ፣
መጽሐፍ ተንተርሶ ያንኮራፋል ይርጋ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ይርጋ ግን ከእስር መዳኑን ረስቶ ደሙ ፈላ። «ማን? እኔ? እያሰብኩ እንጂ መች ተኝቼ አውቃለሁ!» ብሎ ወደ ሊቀመንበሩ ሲንደረደር፣ ሕዝቡ ባንድ አፍ ጮኸበት፦

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!»

በነጋታው ይርጋ ስለ ራሱ የተገጠመችውን በገዛ እጁ ጽፎ ከመዝገቡ መጨረሻ ሰፋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከምሳ በኋላ «ሲያስብ» በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል።