«አትተንፍሱ» የሚሉት ባሌ

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «አትተንፍሱ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ወርቅ ሠሪዎቹ ናቸው። ቀለበትና ጉትቻቸውን ለገበያ እቤታችን ፎቶ ያነሳላቸዋል፤ ታዲያ ካሜራውን አስጠግቶ ሲያጎነብስ በር ላይ የቆመውን ደንበኛ ሳይቀር «አትተንፍሱ» ይላል። ያን ያህል ተቀርቦ ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ሌንሱን አይነካም፤ እሱ ራሱ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያለ፣ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። እኔም ጓዳ ውስጥ ማንኪያ እንደያዝኩ ደርቄ እቆማለሁ። ሌላው ባል ሚስቱን በቁጣ ዝም ያሰኛል፤ የኔው በጉትቻ።

ሰሞኑን ግን ሥራው ሁሉ ደበዘዘበት። መጀመሪያ ጠረጴዛው ተነቃነቀ ብሎ ከእግሩ ሥር ካርቶን ወሸቀ። ቀጥሎ በደጃችን የሚያልፈውን የጭነት መኪና ረገመ። ሌንሱን ለጥገና ቢልክ «ምንም የለበትም» ብለው መለሱለት።

«ደንበኞቹስ ምን አሉ?» አልኩት።

«ቆንጆ ነው ይላሉ፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው።»

በመጨረሻ ሰበቡም አለቀበት። ያኔ ነው እኔ የፈራሁት። አባቱ ገና በጎልማሳነታቸው ዓይናቸውን አጥተው፣ በትራቸውን ይዞ እየመራቸው ነው ያደገው። ይህን ወሬ ቤታችን ውስጥ አናነሳም። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ አነሳው። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስሮ፣ በጥቂት በጥቂቱ ወደፊት እየገፋ ደጋግሞ አነሳ፤ እንዲህ ከተደረገ አንዱ መጥራቱ አይቀርም። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጋ ጠራኝ። ፊቱ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

«ነይ እዪልኝ። አንዱም አልጠራም። ካሜራው ነው ብዬሽ አልነበር?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የመጀመሪያዎቹ ደብዛዛ ነበሩ። መሃል ላይ ያለው ግን ኩልል ያለ ነው፤ ቀለበቱ ውስጥ የተቀረጸችው ጽሑፍ ፊደል በፊደል ትነበባለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው። «አዎ፣ ካሜራው ነው» ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ነገ ሌላ ካሜራ ይገዛል፤ ከነገ ወዲያስ?

«‹አብረን እናርጅ› ይላል» አልኩት።

«እሱንማ በቃልሽ ታውቂዋለሽ።»

«‹ና› ሥር ቀጭን ጭረት አለ።»

ስክሪኑ ላይ አፍንጫው እስኪነካ ተጠጋ። ከዚያ ቀለበቱን አንስቶ ዓይኑን ጨፈነና የጣቱን ጥፍር በውስጡ ቀስ እያለ አስኬደ። ጭረቱ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

ሁለታችንም አልተነፈስንም።

«ነገ ዓይን ሐኪም ቤት እንሂድ» አለ በመጨረሻ። «መንገዱን አውቀዋለሁ፤ አባቴን የወሰድኩበት ነው። ግን አንቺ ምሪኝ።»