ሆድ መባስና ሆድ መታመም

ባለቤቴ መቀነቷን ስትታጠቅ አንድ ዙር እንደጨመረች ያየሁት ጠዋት ደጃፍ ላይ ነው። መቀነቱ አልረዘመም፤ እሷ ናት ያነሰችው። ማዕድ ስንቀርብም እኔን ታጎርሳለች እንጂ ራሷ ከጥቂት ጉርሻ አታልፍም። ምን ሆንሽ ስላት ጨጓራ ነው፣ ማን የሌለበት አለ ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እኛ ከተማ መካነ ሰላም ላይ ጨጓራ የማያመው ሰው ፈልገህ አታገኝም።

እንደምንም ብዬ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ ለጋ ልጅ ነው፣ ትሑት።

"እማማ፣ ሆድዎን መቼ መቼ ይብስዎታል?" አላት። ሕመሙ የሚጠናበትን ሰዓት መጠየቁ ነበር።

"ስልኩ ሲዘጋ ነው ልጄ" አለችው።

ልጃችን ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ደውላ በጨረሰች ቁጥር እናትየዋን ሆድ ይብሳታል።

ሐኪሙ ሊስቅ ብሎ ተወው። ሐሳብና አንጀት እንደሚላላኩ፣ ሐሳብ ሲበዛ የምግብ መፈጨት እንደሚታወክ የቅርብ ጊዜ ጥናቶችም እያሳዩ ነው አለን። ክብደት መቀነስን ግን ሐሳብ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ደሴ ሄዳ በአፍ በሚገባ ቱቦ ጨጓራዋ ይታይ፤ ክፉ ነገር ቢኖር እንኳ ቀድሞ ሲገኝ ይሻላል አለ።

እሷ የሰማችው የፊተኛውን ብቻ ነው። ሐኪሙም ሐሳብ ነው ብሏል እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ልጅቱ ይህን ስትሰማ በሰው እጅ እንክብል ላከች፤ ለአንጀት የሚስማማ ጥሩ ባክቴሪያ አለበት ተባለ።

"ዕድሜ ልኬን በሳሙና ሳባርረው የኖርኩትን አሁን በውሃ ልዋጠው?" ብላ ሳቀች። ግን ዋጠችው። ቀለል አለኝም አለች። ደሴ ባልኩ ቁጥር እንክብሉን ታሳየኛለች። ሐኪሙን ብጠይቀው ላይጎዳት ይችላል፣ ምርመራውን ግን አይተካም አለኝ።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ከደጅ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ደጅ። ሶላት ላይ ቆሜ እንኳ ልቤ እሷ ሰሃን ላይ ነው፤ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ይጠፋኛል። የደሴ መኪና ጡሩምባ ስሰማ ብድግ እላለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው ትለኛለች።

አንድ የጁምዓ ለት ልጅቱ ደወለች። አሠሪዎቿ ፈቅደውላት ለዒድ ልትመጣ ነው። እናትየዋ እልልታዋን ለቀቀችው። ስልኩ ሲዘጋም አላለቀሰችም። ፊቷ እንደበራ ምሳ አቀረበች። ጎረሰች፣ ደገመች፤ ከዚያ እንደ ወትሮው እጇ ቆመ። ሰሃኑን ትክ ብላ አየችው።

"ዛሬ እኮ ሆድ አልባሰኝም" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ፣ አልባሰሽም።"

"እንግዲያ የደሴ መኪና ጠይቅ።"

ጫማዬን አጥልቄ ወደ መናኸሪያ ወጣሁ። እሺ እንድትለኝ ያን ያህል ስጣደፍ ከርሜ፣ አሁን እሺ ብላኝ እግሬ አልፈጥን አለኝ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ደኅና ናት ወይ ይለኛል፤ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ረዳቱን ለነገ ቦታ አለ ወይ አልኩት። አለ አለኝ።

"ከፊት ይሁንላት" አልኩት። "መንገዱ እንዳያንገጫግጫት።"