ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቆዳ

ባለፈው ረቡዕ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሥጋ ውስጥም ስኳር አለ እንዴ?» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ጠመኔውን አስቀምጬ በመስኮቱ ወደ ባሮ አየሁ። ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ከታላቅ እህቴ ከአሪየት አፍ ሰምቼዋለሁ። የዚያን ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ለዕረፍት ጋምቤላ ገብቻለሁ። ሐምሌ ነው። ባሮ ሞልቶ ደፍርሷል፣ መንገዱ ጭቃ፣ ዳርና ዳሩ ሣር በሣር። አሪየት ወንዙ አጠገብ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ዓሣ ትጠብስ ነበር። የዘይቱ ሽታ ከድልድዩ ጀምሮ ሰው ይጠራል። በዚያ ክረምት ግን መጥበሻው ሞልቶ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው አገኘኋቸው።

ምክንያቱ ቆዳዋ ነበር። ማታ ማታ የራሷን ዓሣ ቀምሳ ብዙም ሳትቆይ ሰውነቷ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ታክካለች። ደንበኞች ይህን በዓይናቸው አዩ። ጠባሿን ያሳከከ ዓሣ ማን ይበላል? «ከባሮ ዳር ተወልጄ ዓሣ ጠላኝ» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ። መጥበሻውን ለሌላ ሴት ልትሰጥ ቃል ገብታም ነበር።

ጎረቤቷ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ከደጋ መጥተው ጥብስ ቤት የከፈቱ፣ ምላሳቸው ከቢላቸው የሰላ። ሁለቱ በየቀኑ ምሳ ይለዋወጡ ነበር፤ ጥብስ ወደዚህ፣ ዓሣ ወደዚያ። ረቡዕና ዓርብ ግን እትዬ ብርቄ ሥጋ አይሠሩም። በጾም ቀን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በዚያ ሠፈር አልቆ አያውቅም፤ ይበላል የሚሉት ሁሉ የአሪየት ደንበኞች ነበሩ።

አንድ ዓርብ ማታ እትዬ ብርቄ የአሪየትን ክንድ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው የተጠመቅሽው?» አሉ።

«እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እትዬ።»

«አንቺማ ነሽ። ቆዳሽ ግን ኦርቶዶክስ ነው! ረቡዕና ዓርብ ሽፍታ ወጥቶበት አያውቅም።»

ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ እኔ ቆምኩ። አሪየት አብዝታ ዓሣ የምትበላው በእነዚህ ሁለት ቀኖች ነው! ከምሳዋ የሚጎድለው ደግሞ ጥብሱ ብቻ ነው። ማታ የሚያሳክካት የቀትሩ ምሳ ቢሆንስ?

በማግሥቱ እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ወጣቱ ሐኪም ሁሉንም በጥሞና ሰማና፣ «መዥገር ነክሶሽ ያውቃል?» አላት።

«በቆሎ ልገዛ አቦቦ ስሄድ በከብት መንገድ ነው። እግሬን እየው፤ የነከሰኝ ቦታ እስከ ዛሬ ያሳክከኛል።»

«እንግዲያው የሚያስቸግርሽ ስኳር ሳይሆን አይቀርም።»

አሪየት ከወንበሯ ተነሣች። «ስኳር ያዘኝ?»

«የለም፣ የለም! የስኳር በሽታ አላልኩም። በሥጋ ውስጥ ያለ ስኳር ነው።»

«ሥጋ ውስጥ ስኳር አለ እንዴ?»

አለ። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ በከብት፣ በፍየልና በአሳማ ሥጋ ውስጥ የሰው ሰውነት የማያበጀው አንድ የስኳር ዓይነት አለ፤ ዓሣና ዶሮ የላቸውም። መዥገር ሲነክስ ያንኑ ስኳር በምራቁ ያስገባል። ሰውነት ጠላት መጣ ብሎ የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል ያሰናዳለታል። ከዚያ ሥጋ ሲበላ ፀቡ ይነሣል፤ ግን ወዲያው አይደለም፣ ከሰዓታት በኋላ ነው። ለዚህ ነው ምሳው አጥፍቶ እራቱ የሚወነጀለው።

«ታዲያ በደም ምርመራ አይታወቅም?» አልኩት።

«ይረዳል፤ ግን ብቻውን አይፈርድም። የሆድ ትላትልም የራሳቸው ስኳር አላቸው። እነሱና መዥገር በሚበዙበት አገር፣ ሥጋ በልቶ ምንም የማይሆን ሰው ደም ውስጥም ለስኳር የተሰናዳ ፀረ እንግዳ አካል ሊገኝ ይችላል። ደሙን ከምግቡና ከሰዓቱ ጋር ነው የምናየው።» ከዚያ ወደ አሪየት ዞረ። «ሥጋ ይቅርብሽ፤ ዓሣሽን ብዪ። ትንፋሽ ካጠረሽ ግን እየሮጥሽ ነይ።»

ሠፈሩ በወሬ አያምንም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እትዬ ብርቄ የራሳቸውን ጥብስ በላተኞች ሰብስበው መጡ። «ጥብሴ ተከሷል፤ ዓሣው ነጻ መሆኑን ኑና መስክሩ!» አሉ። አሪየት እጅጌዋን ሰብስባ ከሁሉም ፊት ዓሣዋን በላች። ማንም አልሄደም። ቀትሩ አለፈ፤ ዝናብ መጥቶ ቆርቆሮውን ደብድቦ ሄደ። እኔ ክንዷን ባየሁ ቁጥር «ዓይንህ ነው የሚያሳክከኝ» ትለኛለች። ፀሐይ ባሮ ላይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱንም ክንዶቿን አነሣች። ቆዳዋ ጥርት ብሏል። እትዬ ብርቄ እልል አሉ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ሳህን ያዘዙት እሳቸው ናቸው። የዚያን ማታ ዓሣው አልቆ ለእኔ ጭራ ብቻ ደረሰኝ። ከዚያ ጣፋጭ ጭራ በልቼ አላውቅም። መጥበሻውም ባለቤት አልቀየረ።

ባለፈው ረቡዕ ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ወደ አሪየት ሄድኩ። ጾመኛው ተሰልፏል፤ ወንበር ጠፍቶ ቆሜ ጠበቅኩ። እትዬ ብርቄ ዛሬም «ኦርቶዶክሷ» ይሏታል። እሷም «እርስዎ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እኔ ሰባቱንም» ትላቸዋለች። በአንድ ቀልድና በአንድ መዥገር ስንት ነገር እንደተማርኩ እያሰብኩ የተማሪዬን ጥያቄ ነገርኳት።

«ምን አልካት?»

«አለ አልኳት።»

«በሽታው አይደለም ብለህ ጨምርላት» አለች አሪየት። «እኔ ሐኪሙን እየሰማሁት እንኳ ፈርቼ ስንት ቀን ሻይ ያለ ስኳር ጠጥቻለሁ።» ይህን ብላ ብርጭቆዋ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ከመረች፤ አየችኝና ሌላ ደገመች።