አባዬን ከኳየር ያወረደው ዘፈን

ብሩክሊን ፓርክ፣ ስድስተኛ ክፍል እያለሁ፣ ትምህርት ቤታችን ሚዩዚካል ሊያሳይ ነው ተባለና ለብቻ የሚዘፈነው ሶሎ ለእኔ ደረሰኝ። የሙዚቃ አስተማሪያችን ስታስረዳን፣ ይሄ በዘፈንና በጭፈራ የሚነገር ድራማ የጥቁሮች ዜማና የስደተኛ ልጆች ዜማ ኒውዮርክ ላይ ተገናኝተው የወለዱት ነው፤ ሰው መናገር ሲያቅተው ይዘፍናል፣ መዝፈንም ሲያንሰው ይጨፍራል አለችን። ቤት ገብቼ ለአባዬ ብነግረው፣ "ታዲያ ዳዊትስ በታቦቱ ፊት ምን አደረገ?" ብሎ ሳቀ።

አባዬ የአማርኛ ቸርቻችን የኳየር መሪ ነበር። ዌርሃውስ ዕቃ ሲጭን ውሎ ካርቶን ካርቶን እየሸተተ ይገባና ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ኪቦርዱ ላይ ቁጭ ብሎ ያስጠናኛል። እማዬ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ዘፈን በዚህ ቤት!" ስትል "ሆምወርክ ነው" ይላታል። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዝግጅቱ ቀን ቀይ ቀሚስ ለብሼ ዘፈንኩ፤ መጨረሻ ላይ ትከሻዬንም ጣል ጣል አደረግኩበት። አንዲት እናት የቀረጸችው ቪዲዮ ታዲያ እሑድ ሳይደርስ ቸርቹን አዳረሰ።

እሑድ ከፕሮግራም በኋላ የቸርቹ ሽማግሌዎች አባዬንና እኔን ጠሩን። ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ፣ "ልጅ ምን ታውቃለች፤ ዘፈን ያስተማራት ማነው?" አሉ። አፌን ሳልከፍት አባዬ "እኔ ነኝ" አለ። ለጥቂት ወራት ከአገልግሎት ታገደ።

በሳምንቱ ኳየሩ ሊዘምር ሲወጣ አባዬ ከእኛ ጋር ኋላ ተቀመጠ። ሰው ዞር እያለ ያየናል። ወይኔ! በእኔ የተነሳ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ አቀርቅሮ የቴነሮቹን ዜማ በከንፈሩ ብቻ ይከተላል። የእገዳው ጊዜ አለቀ፤ "ተመለስ" ያለው ግን የለም። አባዬ ደግሞ ሳይጠሩት የሚሄድ ሰው አይደለም። በዚያው ቀረ።

ዛሬ ጊዜው ተገለበጠ። ባለፈው ገና እዚያው ቸርች ወጣቶቹ ሚዩዚካል አሳዩ፤ መብራቱ፣ ጭፈራው፣ ጉድ ነው! ሶሎውን የያዘችው የጋሽ ታደሰ የልጅ ልጅ ናት። ጉባኤው በእልልታ ተናጋ፤ ጋሽ ታደሰም "ጌታ ይባርክሽ" እያሉ አለቀሱ። ቅር አለኝ፤ ተናደድኩም። አባዬ ግን አጠገቤ እንደ ልጅ እያጨበጨበ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "ድምጿ እንዴት ያምራል! ማን ይሆን ያስጠናት?" አለኝ። ይህን ያህል አድጌም፣ ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ።