ያልበላሁት ምሳና ወደ ውስጥ የሚከፈተው በር

ደርግ ከመጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ከግንባታ ትምህርት ቤት ወጥቼ የጠረፍ ከተማ ሸሕዲ የተመደብኩት ያን ጊዜ ነው። ሥራዬ የንግድ ቤቶችን መመርመር ነበር። ሆቴሉም፣ ሻይ ቤቱም፣ የሰሊጥ መጋዘኑም ሰሊጥ ከመድረሱ በፊት መታየት ነበረበት። ሰሊጥ የደረሰ እንደሆነ ከጎጃሙም ከወሎውም ሳሉግ፣ ማለት የአጨዳ ሠራተኛ፣ እየወረደ ከተማዋን አፍ እስከ ገደፏ ይሞላታል። ያን ሁሉ ሰው የሚይዘው ጣሪያ ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከጎንደር ስነሳ አለቃዬ አንድ ምክር ብቻ ሰጠኝ። በምትመረምረው ቤት ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ አለኝ። እኔም ገና ጀማሪ ነበርኩና ምክሩን እንደ ሃይማኖት ያዝኩት።

መጀመሪያ የገባሁት ከከተማዋ ትልቁ ሆቴል ነው። ባለቤቷ በወጣትነታቸው ከጎጃም የወረዱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ነገር የማያመልጣቸው ሴትዮ ነበሩ። ደንቡ ምርመራ ሲደረግ የቀበሌ ተወካይ ይኑር ስለሚል ሊቀመንበሩ አብሮኝ መጣ። መጣና ነፋስ የሚገባበትን ቦታ መርጦ አንገረቡ፣ ማለት የጠፍር አልጋው፣ ላይ ተቀመጠ። የእሱ ምርመራ በዚያው አለቀ።

እኔ ከውጭ ጀመርኩ። የጣሪያው ውሃ የት እንደሚወርድ፣ መሠረቱን ቦርቡሮት እንደሆነ፣ ግድግዳው የተሰነጠቀው በልስኑ ብቻ ይሁን እስከ እንጨቱ ድረስ ዞሬ አየሁ። ከዚያ ገብቼ አዳራሹን የተሸከመውን ምሰሶ በመፍቻዬ ወጋ ባደርገው መፍቻው እስከ እጀታው ሰመጠ። ምስጥ ጨርሶታል፤ የቆመው በቀለሙ ነው። ወደ ጓሮው በር የሚያወጣው መተላለፊያ ደግሞ የናፍጣና የላምባ በርሜል ተደርድሮበት ሰው አያሳልፍም። ወጥ ቤቱ ከዚያ አጠገብ ነው። የፊቱ በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው።

ይህን ለሴትዮዋ አስረዳሁ። ሰው ሲደነግጥ ይገፋል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ላይ ሰው ከተገፋፋ መጀመሪያ የደረሰው በሩን በደረቱ ይዘጋዋል፣ የኋላው ደግሞ እሱን ይጫነዋል፣ እንደዚያ ሆኖ ማንም አይወጣም አልኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና፣

«ልጄ፣ እኔ ቤት የሚመጣ ሰው ለመግባት ነው የሚቸኩል፤ ለመውጣት ቸኩሎ አያውቅም» አሉኝ።

ከዚያ ምሳ ቀረበ። ሊቀመንበሩ እጁን ታጥቦ ተጠጋ። እኔ ጠግቤያለሁ አልኩ። በስድስት ሰዓት ምን በልተህ ነው የጠገብከው አሉኝ። ጾም ላይ ነኝ አልኩ። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ወሩ ሐምሌ አጋማሽ፤ ምንም ጾም የለም። ሲጨንቀኝ ሕጉ አይፈቅድልኝም አልኩ። ሴትዮዋ ዘወር ብለው ሊቀመንበሩን አዩት። እሱ ማኘኩን ለአፍታ አቆመና ሕጉ የሚመለከተው ባለሙያውን ብቻ መሆኑን አብራርቶ ቀጠለ።

በማግስቱ መርማሪው የእሳቸውን ምግብ እንቢ አለ የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ለምን ለሚለው መልሱን ሰው ራሱ አዘጋጀ። ጠዋት ድስቱ ውስጥ አይጥ አግኝቶ ነው ተባለ። ከሰዓት በኋላ አይጧ እባብ ሆነች። ወሬው ጎረቤት ከተማ ኮኪት ሲደርስ እባቡን በመፍቻ የገደልኩት እኔ ነበርኩ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ፉል መብላት ጀመሩ፤ የሴትዮዋ አዳራሽ ጭር አለ።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ቢሮዬ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡና ድምፃቸውን ሳያነሡ፣

«ምሰሶዬን ምስጥ በላው አልክ፤ ይሁን። ስሜን ግን የበላኸው አንተ ነህ» አሉኝ።

አፈርኩ። ችግሩ በሩ ነው እንጂ ወጡ አይደለም ብል፣ በበር ምክንያት ደንበኛ የሸሸው ሰው አይተህ ታውቃለህ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም። የሚፈልጉት በገበያ ቀን በረንዳቸው ላይ ተቀምጬ ሕዝብ እያየኝ እንድበላ ነው። እኔም አሰብኩ። የእኔ ሪፖርት ጎንደር ደርሶ ትእዛዝ ሆኖ እስኪመለስ ሳሉጉ መጥቶ፣ አጭዶ፣ ወደ አገሩ ይገባል። እሺ እበላለሁ፣ ሒሳቤንም እከፍላለሁ፣ ግን መጀመሪያ ቤቱ ይጠገን አልኳቸው። የለም መጀመሪያ ብላ አሉ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ለአንድ ጥገና አንድ ምሳ ተባባልን።

በርሜሎቹ ከመተላለፊያው ወጥተው ጓሮ ጥግ ለብቻቸው ዳስ የተጣለላቸው ቀን በረንዳው ላይ ፍርፍር በላሁ። ሴትዮዋ አጠገቤ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላሉ፤ ያላየኝ ካለ እንዲያየኝ ነው። የፊቱ በር ተገልብጦ ወደ ውጭ ሲከፈት ዶሮ ወጥ በላሁ። ምሰሶው ላይ ግን አናጺው እርሻ ወርዷል እያሉ አዘገዩኝ። እኔም አፌን ዘግቼ፣ ምሳ ሳልቀምስላቸው ጠበቅኋቸው። በመጨረሻ በተቃጠለ ዘይት የተነከረ ወፍራም ግንድ ተተከለ፤ የዚያን ቀን የቀረበልኝ ዱለት ነበር። ዱለት አልወድም። ፊቴን ያዩትና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣

«ጎላ አድርገህ ጉረስ እንጂ፤ ከመንገድ አይታይም» አሉኝ።

ገበያቸው ተመለሰ። ሰሊጥ ደረሰ፣ ሳሉጉም ወረደ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቢሮ ተቀምጬ በሆቴሉ በኩል ጥቁር ጭስ አየሁና ሮጥኩ። የወጥ ቤቱ የላምባ ምድጃ ገንፍሎ የሣር ክዳኑን አያይዞት ኖሯል፤ እሳቱ ወደ አዳራሹ ጣሪያ ተሻግሯል። ስደርስ አዳራሹ ባዶ ነው። ሰዉ ሁሉ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ገሚሱ ከነሳህኑ፣ ጥቂቱም አሁንም እየበላ። ግማሹ በፊት በር፣ ግማሹ በጓሮ ገፍቶ ወጥቷል። የተጎዳ ቢኖር ማጭዴን ረሳሁ ብሎ የተመለሰ አንድ የወሎ ሰው ነው፤ እሱም ጣቱን ትንሽ ተለበለበ። ሴትዮዋ በሕዝቡ መሀል እየተዘዋወሩ ወጥ ያልደረሰው አለ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ድንጋጤ ይመስለኛል።

ጣሪያው ገሚሱ ባዶው አዳራሽ ላይ ሲወርድ ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ዓይኔ በዚያ ተዘግቶ ሊቀር በነበረው መተላለፊያ ላይ ተተክሏል፤ በርሜሎቹ እዚያው ቢሆኑ ኖሮ እያልኩ። ቀና ስል ሴትዮዋም እዚያው እያዩ ነው። እጅጌዬን ጨምድደው ያዙኝ፤ እሳቱ እስኪበርድም አልለቀቁኝም።

ከዚያ ወዲያ ሸሕዲ ውስጥ ትእዛዜ እስኪደርሰው የጠበቀ ሰው የለም። ባለ ሱቁም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ ልብስ ሰፊውም በሩን ገልብጦ ወደ ውጭ አስከፈተ። ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ነው እንጂ ሁሉም አይደለም ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ሱቆቹ መንገድ ዳር ስለሆኑ በሩ የሚከፈተው በቀጥታ በእግረኛው ፊት ላይ ነው። አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊው በሩን ወርወር ሲያደርገው ሊቀመንበሩ በዚያ ያልፍ ኖሮ ግንባሩን አገኘው።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ግንባሩን በፋሻ ጠምጥሞ ስለ በሮች ረጅም ንግግር አደረገ፤ አንዳንድ በሮች ፀረ ሕዝብ አቋም ይዘዋል እስከ ማለት ደረሰ። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። እኔ ተነሥቼ የሱቆቹ በር ወደነበረበት ቢመለስ ምንም እንደማይጎዳ አስረዳሁ፤ ግን ለአናጺ የከፈለ ሁሉ አጉረመረመ። ብዙ ከተመከረበት በኋላ በሩን የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ድምፁን አሰምቶ እንዲስል ተወሰነ።

ውሳኔው በደንብ ተከበረ። ማለዳ ሱቅ በሚከፈትበት ሰዓት ከዳር እስከ ዳር፣ ከየበሩ ኋላ፣ ከተማው በሙሉ ይስላል። ከጎንደር አዲስ የተመደበው የጤና ረዳት ሁለተኛ ቀኑ ላይ ፊቱ ገርጥቶ ቢሮዬ መጣና፣ እዚህ አገር ይህ በሽታ ከጀመረ ምን ያህል ጊዜው ነው ብሎ ጠየቀኝ።